እንቁራሪቷ፣ ሣጥኗና ጆሮ

ስም ነበረው፤ መታወቂያው ላይም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ግን በዚያ ሰፈር ስሙን የሚያውቅ እጁን ያውጣ ቢባል ሚስቱ ብቻ ናት የምታወጣው። ለሌላው ሁሉ ጆሮ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ጆሮዎቹ ትንንሽና ከጭንቅላቱ ጋር የተጣበቁ ናቸው። መኪና በጋራዡ በር ስታልፍ፣ እሱ ከሌላ መኪና ሥር እንደተኛ፣ ቀና እንኳ ሳይል «የዚህችኛዋ ሦስተኛ ካንዴላ አልቋል» ይላል። ሹፌሩ ሰምቶ ይስቃል። በሳምንቱ መኪናውን ሰው እያስገፋ ይመጣል።

ሥራውን የተማረው የመንገድ ሥራ ማሽኖች በሚጠገኑበት ትልቅ ጋራዥ ነው። አለቃው የነበሩት ሽማግሌ የካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ ገጥሞ ማዳመጥን አስተማሩት። እሱ ግን ዓመት ሳይሞላው ካቻቢቴውን ተወው፤ አላስፈለገውም። በኋላ የራሱን ጋራዥ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግቢ ከፈተ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሳንቃ የሚከደን ጉድጓድ፣ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀለም የተነደፈበት ግድግዳ። አርባ ዓመት ያህል በዚያ ኖረ፤ መኪና እየሰማ።

ስልሳን ሲሻገር ጆሮው ከዳው። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የስልኩ ጥሪ ጠፋበት፤ «ስልኩ ተበላሽቷል» አለ። ቀጥሎ ከሰዎች ንግግር ላይ ፊደላት ይጎድሉበት ጀመር። አንድ ደንበኛ «ፍሬኗ ይነክሳል» ቢለው፣ «ታዲያ እሰረው እንጂ፤ ውሻ ይዞ ጋራዥ ይመጣል እንዴ?» ብሎ መለሰለት። እዚያ የነበረው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጆሮም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያልሰማውን ነገር በቀልድ ማለፍ ለመደ። ቀልድ ሲያጥረው ራሱን ይነቀንቃል። ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ደግሞ ሁሉን የሰማ ይመስላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋበት ክፍል መስኮት ወደ ጋራዡ ይከፈታል። ድሮ የስፌት መኪናዋ ትንሽ ሲጥ ካለባት፣ እሱ ከጉድጓዱ ሆኖ «አንቺ ሴት፣ ዘይት ጠብ አድርጊበት እንጂ! ጥርሴን ጨረስሽው!» እያለ ይጮህባት ነበር። ጆሮው በከዳው ዓመት ግን የስፌት መኪናዋ ወር ሙሉ ሲጥ ሲጥ ስትል ከረመች። አውቃ ነው ዘይት የነፈገቻት። እሱ ምንም አላለም። ያን ጊዜ ነገሩን አወቀች፤ ግን «ራሱ እስኪነግረኝ» ብላ ዝም አለች። በዚህ ዝምታዋ በኋላ ተጸጽታበታለች።

ጆሮ ሁለት የቅርብ ወዳጆች ነበሩት። አንደኛው ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ሁለተኛው ሠላሳ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዳ ሹፌር። መምህሩ የሹፌሩን ታናሽ እህት ስላገባ አማቾች ናቸው። በአማችነታቸው ተጣልተው አያውቁም። የሚጣሉት በመኪና ነው።

የመምህሩ መኪና ክብ፣ አረንጓዴ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በውሃ ሳይሆን በአየር የምትቀዘቅዝ ናት። የፊት መብራቶቿ ስለሚያፈጡ እንቁራሪት ይሏታል። የሹፌሩ ደግሞ ነጭ፣ በአራቱም ማዕዘን ቀጥ ያለች፣ ሞተሯ ከፊት፣ ራዲያተር ያላት፤ እሷ ሣጥን ናት። ሁለቱም ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱንም ሲያክም የኖረው ጆሮ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ጋራዡ ደጃፍ ላይ የአሮጌ መኪና መቀመጫ ዘርግተው ይቀመጡና ክርክሩ ይጀመራል።

«ያንተዋ ሠላሳ አራት የፈረስ ጉልበት፣ የኔዋ ስልሳ» ይላል ሹፌሩ። «ፈረስ መቁጠር ካቃተህ እህቴን ጥራትና ትቁጠርልህ።»

«ፈረሶችህ ብዙ ናቸው፤ ግን ዳገት ሲያዩ ውሃ ይለምናሉ። የኔዎቹ አየር እየበሉ ያልፋሉ።»

«ሞተሯን ከኋላ የደበቁት እኮ መንገዱን ሲያይ ስለሚፈራ ነው!»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ይዞ መጣ።

«ጭቅጭቅ በቃ» አለ። «እንለካ።»

የሁለቱንም መኪኖች የፋብሪካ መጽሐፍ ገልብጦ ጽፏል። የሞተራቸው መጠን እኩል ነው፤ ሁለቱም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሲሲ። እንቁራሪት ሰባት መቶ ስልሳ ኪሎ ትመዝናለች፤ ቢበዛ በሰዓት አንድ መቶ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ሣጥን ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት ኪሎ ናት፤ አንድ መቶ አርባ ትሮጣለች።

«ይኸው፤ ራስህ ጻፍከው» አለ ሹፌሩ። «ምኑን ነው የምንለካው?»

«ወረቀቱ የሚለው አዲስ እያሉ የነበሩትን ነው። አንተም አንድ ጊዜ ወጣት ነበርክ፤ አሁን ደረጃ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ስለዚህ ማን ይቀድማል አንልም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሲሠሯት የተሰጣትን ጠብቃ የቆየችው የትኛዋ ናት? ከመቶ ስንቱ ቀርቷታል?»

ሹፌሩ አሰበበት። «አንተስ ከመቶ ስንት ቀርቶሃል?»

«እሱን እህትህን ጠይቃት።»

ሁለቱ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ጆሮም ሳቀ፤ እነሱ ሲስቁ ካየ በኋላ።

አምስት ፈተና ተቆረጠ፤ ከቆሙበት አነሳስ፣ ፍሬን፣ የቤንዚን ፍጆታ፣ ዳገትና የመጨረሻ ፍጥነት። መኪኖቹን አስቀድሞ የሚመረምረውም፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠውም ጆሮ እንዲሆን ሁለቱም ባንድ አፍ ተስማሙ። የጆሮ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

በዋዜማው ጠዋት ሹፌሩ ሣጥንን ጋራዥ አስገባት። ኮፈኗን ሳይከፍት፣ «ስማኝማ» አለው። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል የሆነ ነገር ያጉረመርማል። መሪዋን ስጠመዝዝ ይብስበታል።»

ይህን ጆሮ ሰምቶታል፤ ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበርና የተናገረው። የነገሩን ትርጉምም ያውቃል። ሲጠመዘዝ የሚብስ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው የሚዞርባቸው የብረት እንክብሎች ተበልተዋል ማለት ነው። በክሪክ አነሳትና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። ራሱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

ጎማው በዝምታ ዞረ። ለእሱ ሁሉም ጎማ በዝምታ መዞር ከጀመረ ሰነባብቷል።

ሹፌሩ በሽተኛ ሐኪሙን እንደሚያይ ያየዋል። መምህሩም እንቁራሪትን ከደጅ አቁሞ ገብቶ አጠገባቸው ቆሟል። «አልሰማሁም» ማለት ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። ጆሮ ግን አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ጎማው ነው። ጥርሱ ወጣ ገባ ሆኖ ስለተበላ ነው የሚጮኸው። ሌላው ደህና ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስንት ዓመት ነው የምታውቀኝ?»

ሹፌሩ እፎይ አለ። «አንተ ካልከው አለቀ።»

ጆሮ በልቡ «ሰኞ ፈትቼ አየዋለሁ» አለ። ክሪኩን አወረደ።

ፈተናው የተደረገው አዲሱ አውራ ጎዳና ከተከፈተ ወዲህ ማንም በማይሄድበት አሮጌ መንገድ ላይ ነው። ግራና ቀኙ የታረሰ መሬት ነው፤ አስፋልቱ ግን ገና ደህና ነበር፤ የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹም አልተነቀሉም። አንድ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ «እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ነካቸው?» በሚል ዓይን ያያቸዋል። መምህሩ ከትምህርት ቤት የተዋሰውን የሩጫ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

መጀመሪያ የነበረው ሁሉ ጨዋታ ነበር። በአነሳስ ሣጥን አሸነፈች። በፍሬንም ሣጥን። ቤንዚን በመቆጠብ እንቁራሪት ቀደመች፤ ፋብሪካው ከጻፈላት ላይ ግማሽ ሊትር ብቻ ነበር የጨመረችው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ሣጥን ግማሽ መንገድ ላይ እንፋሎት ተነፈሰችና ቆመች። መምህሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ እያውለበለበ አልፏት ወጣ። ሹፌሩ ራዲያተሩ ላይ ውሃ እየጨመረ የሰደበውን ስድብ እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

ሁለት ለሁለት ሆኑ። የቀረው የመጨረሻ ፍጥነት ነው። እንቁራሪት ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አንዱን ኪሎ ሜትር በሠላሳ አራት ሰከንድ ጨረሰች። መምህሩ አሰላ፤ በሰዓት አንድ መቶ ስድስት። «ከመቶ ዘጠና ሁለቱ አለላት!» ብሎ ጮኸ። ሣጥን እንድታሸንፍ ታዲያ ከአንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ በላይ መሮጥ ነበረባት፤ ኪሎ ሜትሩን ከሃያ ስምንት ሰከንድ በታች።

ሹፌሩ መሪውን ያዘ፤ መምህሩ ሰዓቱን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ጆሮ ከመጨረሻው ድንጋይ አጠገብ ቆመ። ሣጥን በሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ደረሰች። አንድ ሰከንድ ከትንሽ ጎደላት። ዞራ ስትመለስ ጆሮ አጠገብ ዝግ አለችና ሹፌሩ በመስኮት አንድ ነገር ተናገረ። ነፋስ ነበር፤ ሞተሩም እየሠራ ነው። ጆሮ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየ። «ልድገመው ወይ?» ያለው መሰለው። ራሱን ነቀነቀ። አውራ ጣቱንም አነሳ።

ሁለተኛውን ሩጫ ከሩቅ ሲያያት ሣጥን እየተንሳፈፈች የምትመጣ ነበር የምትመስለው። የመጨረሻው ድንጋይ ጋ ልትደርስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራት የቀኝ የፊት ጎማዋ ወደ ውስጥ ተጣመመ። አፍንጫዋ ወደቀ። አስፋልቱን እየጫረች ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ቦዩን ዘላ የታረሰው መሬት ውስጥ በጎኗ ተጋደመች። አቧራው ሁሉን ሸፈነ።

የመንገድ ሠራተኛው አካፋውን ጥሎ ከጆሮ ቀድሞ ደረሰ። መምህሩን በመስኮት ስቦ አወጣው፤ ፊቱ ደም በደም ሆኗል፤ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ሹፌሩ ግን በመሪውና በመቀመጫው መካከል ተጣብቆ ያቃስታል፤ ቀኝ ጭኑ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። በአዲሱ ጎዳና የሚያልፍ የጭነት መኪና አስቁመው እስኪወስዷቸው ሠራተኛው ጆሮን ክንዱን ይዞ ይጮህበት ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ከሩቅ እየጮኸች ስትመጣ አልሰማህም እንዴ? እኔ እንኳ መሐይሙ ሰምቼ እጄን ሳውለበልብ!»

ይህንን ጆሮ ቃል በቃል ሰማው።

ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ብረት ገባለት። አልጋው ላይ እግሩ በገመድ ተንጠልጥሎ ሳምንታት ተኛ። መምህሩ ሁለት ጥርሱን አጥቶ፣ እጁን በጀሶ ታስሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ግን ቤቱ ቤት አልሆነለትም። ሚስቱ፣ የሹፌሩ እህት፣ አላናግረው አለች። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ብቻ አፏን ከፍታ፣ «ወንድሜን በደብተርህ ገደልከው» አለችው።

እሱም አልካደም። ጆሮን መንገድ ላይ ሲያገኘው ያለማቋረጥ የሚያወራው ይህንኑ ነው። «ያንን የመቶኛ ነገር ባላመጣ ኖሮ ሣጥን ያለ ምንም ጭንቀት አሸናፊ ነበረች። ድገመው ያልኩትም እኔ ነኝ።» ሹፌሩ ደግሞ ከአልጋው ላይ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እግሬን የሚያከብደው ምን ሰይጣን ነው?» ይላል። ሁለቱ ጥፋቱን እየተሻሙ ነበር። ጆሮ በመካከላቸው ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

ስባሪዋን ሣጥን ጎትተው ያመጡት ወደ እሱው ግቢ ነው፤ ሌላ የት ትሄዳለች? ሦስት ቀን ሸራ አልብሶ አለፋት። በአራተኛው የጋራዡን በር ከውስጥ ዘግቶ የቀኙን የፊት ጎማ ፈታ። ኩሽኔታው ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። እንክብሎቹ ግማሾቹ ተሰንጥቀዋል፤ ግማሾቹ ዱቄት ሆነዋል። በጨርቅ ጠቅልሎ ከአሮጌ መለዋወጫዎች ክምር ሥር ደበቀው። ማን ያውቃል? ኩሽኔታ በአደጋውም ሊሰበር ይችላል ቢባል የሚከራከር የለም።

ከዚያ በኋላ ግን እህል አልወርድለት አለ። ሥራ ላይ ቆሞ የያዘውን መፍቻ ለምን እንደያዘው ይጠፋዋል። ሚስቱ ሁለት ሳምንት ታገሰችው። አንድ ቀን ማለዳ እጁን ሲታጠብ ከኋላው ቆማ ስሙን ጠራችው፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ስም። አልዞረም። ደገመች። አልዞረም። ትከሻውን ነክታ አዞረችውና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«ምኑ?»

«አንተ ሰው፣ እኔን ነው እንዴ የምትደብቀው?»

የእጁ ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። «ሦስት ዓመት ይሆነኛል» አለ።

«ያን ቀን ጎማውን ስታዞር እኔ ከመስኮቱ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ወፍጮ ነበር የሚመስለው። መኪና አላውቅ፤ አንተ ዝም ስትል እንዲህ ነው የሚጮኸው ብዬ ተውኩት።» እንባዋ መጣ። «አንተ እንደማትሰማ እያወቅኩ ተውኩት። አሁን ይሄን ደብቀን ሁለታችንም ልንታመም ነው?»

ጆሮ ሄዶ በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣና ኪሱ ከተተው።

ሆስፒታል ሲደርስ የመጠየቂያ ሰዓት ነበር። ሹፌሩ ትራስ ተደግፏል። እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መምህሩ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ወንበር አልሰጡትም። ጆሮ ሰላምታ ሳይሰጥ ጨርቁን ብርድ ልብሱ ላይ ፈታው።

«ኩሽኔታው ነው» አለ። «ጎማው አይደለም። ያን ቀን ስታሳየኝ ምንም አልሰማሁም። መስማት ካቃተኝ ሦስት ዓመቴ ነው። ደህና ነው ያልኩህ አውቄ ሳይሆን እፍረቴን ለመደበቅ ነው። አማችህ ጥፋት የለበትም። አንተም የለብህም።»

ሹፌሩ የተሰነጠቀውን ብረት አንስቶ አገላበጠው።

«መንገዱ ላይስ?» አለ። «ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላ መስኮት አውርጄ የጠየቅኩህስ?»

«ልድገመው ወይ ያልከኝ መስሎኝ ነው።»

መምህሩ ከበሩ ሆኖ ተናገረ። «እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጩኸቱ ብሷል፣ ብተወው ይሻላል ወይ? ነው ያለህ። አንተ ጣትህን አነሳህ። እኔም፣ በቃ ጆሮ ካለ ድገመው አልኩት።»

ሹፌሩ ኩሽኔታውን ወረወረው። ጆሮን አልመታውም፤ ግድግዳውን መትቶ ከአልጋ ሥር ተንከባለለ። «ያጉረመርማል አልኩህ! በአፌ ነገርኩህ! ደንቁሬአለሁ ብትለኝ ምን እሆን ነበር? እስቅብህ ነበር? አዎ፣ አንድ ቀን እስቅብህ ነበር! ከዚያ ሌላ ጋራዥ ወስጄ አሠራትና ማታ ቤትህ መጥቼ እራት እበላ ነበር!» ትንፋሽ አጠረው። «ውጣልኝ።»

ጆሮ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ሲያይ፣ የሹፌሩ እህት ተነስታ ወንበር ወደ ባሏ ስትገፋለት አየ። መምህሩ ተቀመጠ። ያ አንድ ነገር ያን ቀን ተስተካከለ። የቀረው አልተስተካከለም።

በማግስቱ ሚስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ጠባብ ክፍል አስገብተው ጭንቅላቱ ላይ ማዳመጫ አደረጉለት። ድምፅ ሲሰማ ይህቺን ቁልፍ ይጫኑ አሉት። ጥቂት ጊዜ ተጫነ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መርማሪዋ ወጣት በመስታወቱ በኩል ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ሲሰለቸው ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ልጄ፣ ቀሪው መቼ ነው የሚጀምረው?» አላት።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ገባች። ፊቱን እያየች ቀስ ብላ፣ «ጨርሰናል አባቴ» አለችው።

ከዚያ ወረቀቱን አሳየችው። መስመሩ ገና ከመነሻው ዝቅ ብሎ ይመጣና እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ቀጠን ከፍ ያለው ድምፅ ጭራሽ ጠፍቶበታል፤ ዝቅ ያለውም ደብዝዞበታል። ጆሮው ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ሰጡት። ጋራዥ ገብቶ ሲሰካት የመፍቻው ኳኳታ፣ የሰው ወሬ፣ የሞተሩ ድምፅ ሁሉም እኩል ጮኹበት። አንዱ ከሌላው አይለይም። ለወሬ ያስገባታል፤ ለሥራ ያወጣታል።

ደንበኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ ነገራቸው። «ከእንግዲህ በዓይኔና በእጄ እንጂ በጆሮዬ አልሠራም» አላቸው። ግማሾቹ አልተመለሱም። ሰፈሩም ምን ብሎ እንደሚጠራው ግራ ገባው፤ «ጆሮ» ማለት ስድብ ሆነ፣ ሌላ ስም ደግሞ አልነበረውም። ጥቂቶች አለቃ ይሉት ጀመር። እሱ ግን እንዲህ ሲሉት ሌላ ሰው የጠሩ መስሎት ዞሮ ያያል።

ሰባት ወር አለፈ። አንድ ረፋድ የግቢው በር ተንኳኳ። እሱ አልሰማም፤ ሚስቱ ከፈተች። ሹፌሩ ነው፤ በምርኩዝ ቆሟል፤ ከስቷል፤ ቀኝ እግሩ ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። መምህሩ በእንቁራሪት አምጥቶት ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

ሹፌሩ ሰላም አላለም። በምርኩዙ ወደ ሸራው ጠቆመ። «ግለጣት።»

ጆሮ ሸራውን ገፈፈ። ሹፌሩ መኪናዋን ዞሮ አያት። ከዚያ ጆሮ ፊት ቆመ፤ ከንፈሩን እንዲያይ አስቦ ይሁን ለሌላ አይታወቅም።

«ትሠራታለህ። ግን እያንዳንዱን ነገር ዓይኔ እያየ ትፈታለህ። ደህና ነው የሚል ቃል ከአፍህ አልሰማም። ታሳየኛለህ።»

«አሳይሃለሁ።»

በየሳምንቱ ሁለት ቀን መጣ። ወንበር አስቀርቦ ይቀመጣል፤ አያወራም፤ ያያል። የተፈታውን ሁሉ እጁ ላይ ተቀብሎ አገላብጦ ይመልሳል። ቀልድ የለም። የሰፈር ወሬ የለም። የጆሮ ሚስት ሻይ ስታመጣ እሷን ያመሰግናል፤ ጆሮን አያመሰግንም። ሁለት ወር ገደማ እንዲህ ቆዩ። የቀኙ ጎማ አዲስ ኩሽኔታ ገባለት። ተራው የግራው ሆነ።

ጆሮ በክሪክ አነሳትና «እጅህን አምጣ» አለው።

«ለምን?»

«አምጣ።» የሹፌሩን መዳፍ ወስዶ ከጎማው በላይ ያለው ጥቅል ሞላ ላይ አሳረፈው። በሌላ እጁ ጎማውን አሽከረከረ። «ኩሽኔታው ከተበላ እዚህ ጋ ይነዝርሃል። አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ነገር ነው የሚሰማህ። ይሄ ደህና... ይሄ አይነዝርም። ራስህ ፍረድ።»

ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እጁን ሳያነሳ ጠየቀ።

«ይሄንን ድሮም ታውቀው ነበር?»

«ልጅ ሆኜ ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ ያን ቀን እጅህን ያላሳረፍከው ለምንድን ነው? ጆሮህ እንኳ ባይሰማ እጅህ ይነግርህ ነበር።»

ጆሮ ጎማውን በእጁ አቆመው። «ሁለታችሁም ቆማችሁ ታዩኛላችሁ» አለ። «እጄን ሞላው ላይ ባሳርፍ፣ ጆሮ መስማት ተስኖት መዳበስ ጀመረ ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

ሹፌሩ ምርኩዙን አነሳ፤ የሚሄድ መሰለ። ተራምዶ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላው ጎማ ዞሮ ሄደና በጭንቅ ጎንበስ አለ። «ይሄኛውንም አንሳው» አለ። «እዚህስ የት ላይ ነው እጅ የሚያርፈው?»

ሣጥን በዓመቱ ከግቢው ወጣች። ሹፌሩ ቀኝ እግሩ ፍሬን ለመርገጥ ስለማይታዘዘው መሪዋን እህቱ ተማረችና ያዘች፤ ከስልሳ አታሳልፋትም። በመምህሩ ደብተር ላይ የሣጥን የመጨረሻ መስመር ባዶ እንደሆነ ቀረ። እሱም ሊሞላው አልሞከረም፤ ሌላውም አልጠየቀው። ሹፌሩና ጆሮ እንደ ድሮው አልሆኑም። ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ በመካከላቸው መምህሩ ይቀመጣል። ግን ሹፌሩ ለጆሮ ሲናገር ፊቱን አዙሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ቃሉን እየለየ ነው የሚናገረው። ጆሮም ያልሰማው እንደሆነ ራሱን አይነቀንቅም። «አልሰማሁህም» ይላል። ሹፌሩ ይደግምለታል።